ጥርስ ያወጣ ቢላ

አማቴ የሚኖሩት ጎባ ነው፤ እኛ ሮቤ። በመካከላችን ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አማትና አማች ተከባብረው እንዲኖሩ ይህ ርቀት ጥቂት ያንሳል። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ሊጠይቅህ የሚመጣ ሰው ቀድሞ ይደውላል፤ ከጎባ የሚመጣ ግን ገበያ ወጥቶ፣ ሽንኩርት ገዝቶ፣ "እግረ መንገዴን" ብሎ ደጅህ ላይ ይቆማል።

እማማ (እንዲህ ነው የምጠራቸው) እግረ መንገዳቸውን ሲመጡ የሚያደርጉትን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጉንጫችንን አገላብጠው ይስማሉ፤ ልጆቹን ይመርቃሉ፤ ያቀረብንላቸውን ወንበር አልፈው በቀጥታ ማዕድ ቤት ይገባሉ። ቢላውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። በአውራ ጣታቸው ሆድ ስለቱን በአግድም ዳበስ ያደርጉታል። በቁመቱ አይደለም፤ በቁመቱ የሚዳብስ ሰው ጣቱን የጠላ ነው። ከዚያ መልሰው ያስቀምጡታል። ምንም አይሉም። ለብዙ ዓመት ያንገበገበኝ ይህ ዝምታቸው ነው። "ደንዟል" ቢሉኝ "ትናንት እኮ ነው የሳልኩት" ብዬ እዋሽ ነበር፤ ዝም ላለ ሰው ግን ምን ተብሎ ይዋሻል?

በእሳቸው ሚዛን ቤት ውስጥ ወንድ መኖሩ የሚታወቀው በቢላው ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ራት ከመቅረቡ በፊት የቤቱን ቢላ ሁሉ ሰብስበው ደጃፉ ላይ ካለችው ጥቁር ድንጋይ ፊት ይቀመጡ ነበር አሉ። እኔ ቅዳሜ ማታ ኳስ አያለሁ።

አማርኛችን የቢላን አፍና ለታቦት የሚገባን ቃል በአንድ ድምፅ "ስለት" ማለቱ ደርሶ የተገጣጠመ አይመስለኝም። ሁለቱንም ሰው በጭንቁ ቀን ያስባቸዋል፤ ጭንቁ ሲያልፍ ይረሳቸዋል። "ሳለ" የሚለው ግስማ ጭራሽ ለሦስት ሥራ ተቀጥሯል፤ ሠዓሊው ሥዕል ይስላል፣ አባወራው ቢላ ይስላል፣ ጉንፋን የያዘው ይስላል። እኔ በዚህ በባሌ ብርድ ሦስተኛውን በትጋት ስሠራ ኖሬአለሁ።

ደግሞ ቢላ መሳል አልችልም አላልኩም። ቢላ በአገራችን የማይሳልበት ነገር የለም። ድንጋይ አለ፤ ሞረድ አለ፤ ሁለት ቢላ ተፋጭቶ እርስ በርሱ የሚሳልበት የሥጋ ቤት ዘዴ አለ፤ የስኒ ቂጥ አለ። የኔ ስልት የስኒ ቂጥ ነበር። ስኒ ሲገለበጥ ሥሩ ላይ ያ የሚያብለጨልጨው ቅብ ያልነካው፣ ሻካራ ክብ ታገኛላችሁ። ተተኩሶ የጠነከረ ሸክላ ስለሆነ የቢላውን ብረት ይበላዋል። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሸርተት ካደረጉት ለአንድ ቀን ሽንኩርት ይበቃል። የሚተወው ጥቁር መስመር ግን ቶሎ አይለቅም፤ ባለቤቴም የሠርጋችን ስኒዎች ሥራቸው ጠቁሮ ስታይ "ቡና ልጠጣ ነው ወይስ ግራሶ?" ትለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የገላገለችኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ከአራት ዓመት በፊት ከቤይሩት ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ከሽቶውና ከብርድ ልብሱ መካከል አንድ ረጅም ቢላ ይዛ መጣች። እጀታው ጥቁር ላስቲክ፤ አፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ በጥርስ። "ይኼ ቢላ አይሳልም! አይደነዝም!" አለች፣ አንዱን ቃል ከአንዱ ነጥላ፣ ቴሌቪዥን ላይ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አይሳልም! ከወንበሬ ተነሥቼ ሳምኳት።

እማማ አገላብጠው አዩት። አውራ ጣታቸውን አስጠጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሆን ዳሰሳ አልነበራቸውም።

"ይኼ መጋዝ ነው እንጂ ቢላ ነው እንዴ?" አሉ።

"እማማ፣ እስቲ ዳቦውን ይሞክሩት።"

ድፎው የባሌ ስንዴ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ወፍሯል። በአሮጌው ቢላ ስንቆርሰው የሚደርስበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢላው ቅርፊቱ ላይ ይተኛል፤ አይገባም፤ ትጫኑታላችሁ፤ ሲገባ በአንድ ጊዜ ይገባና ዳቦው ልክ ሰው እንደተቀመጠበት ትራስ ጠፍጠፍ ይላል። ባለ ጥርሱ ግን ኸር፣ ኸር፣ ኸር አለ፤ ፍርፋሪው ወረደ፤ ቁራሹ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማማ ቁራሹን ተቀበሉ፣ አጎረሱኝ፣ ስለ ቢላው ግን ሌላ ምንም አላሉም።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። የክንዳችሁ ጉልበት ያው ነው፤ ለጥ ባለው ስለት ላይ ለጠቅላላው አፍ ይከፋፈላል፣ በባለ ጥርሱ ላይ ግን ለጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ይደርሳል። ጥቂት ቦታ ላይ ያረፈ ጉልበት ይበሳል። አንዴ ከበሳ በኋላ መሳብ ብቻ ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለችው ጎድጓዳ ደግሞ ሳህንም ትሪም አትነካም፤ ስለዚህ ስለቷ ቶሎ አይበላም። የኛ ቤት ቢላ የሚደነዘው በሽንኩርቱ ሳይሆን ከሽንኩርቱ ሥር ባለው ትሪ ነው። መክተፊያ እንጨት አለን፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ያምራል።

ሁለት ዓመት በሰላም ኖርን። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ሸንኮራ አገዳ ሁሉ በሱ ሆነ። የስኒዎቹ ቂጥ ነጣ። አሮጌው ቢላ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የጠርሙስ መክፈቻ ሆነ። እኔም ቢላ ስለ መሳል የሚያነሣ ሰው ሲገጥመኝ "ዘመኑ እኮ ተለውጧል" ማለት ጀመርኩ።

ዘመኑ አለመለወጡን የተረዳሁት በፋሲካ ቅርጫ ላይ ነው። ጎባ፣ እማማ ሰፈር፣ ስምንት አባወራ አንድ በሬ ገዝተን ነበር። ጎባ ከሮቤ ከፍ ትላለች፤ በማለዳው ሰው እጁን ቆፈን ይዞት ጣት መኖሩን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። "ሁሉም ቢላውን ይዞ ይምጣ" ተብሏል። እኔም የቤይሩቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በሬው ታረደ፤ ገፈፋ ተጀመረ፤ አንዱን የኋላ እግር ያዝ ተባልኩና ጋዜጣዬን ፈታሁ።

ቆዳ መግፈፍ ከባድ አይመስልም። ቆዳውን በአንድ እጅ ወጠር አድርጎ፣ በሌላው ስስ ሽፋኑን በስለት ሆድ መዳሰስ ነው፤ ቢላው ራሱ ይሄዳል። ጥርስ ያለው ቢላ ግን አይዳስስም፤ ይነክሳል። በመጀመሪያው ስበት ሥጋ ይዞ መጣ። በሁለተኛው ቆዳውን በሳ። በሦስተኛው ቀዳዳውን አሰፋው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ እጄን ይዘው አስቆሙኝና ቢላውን ወደ ብርሃን አነሡት።

"ልጄ፣ ግንድ ልትሰነጥቅ ነው የመጣኸው?"

ሳቁ ከበሬው በላይ ተካፍሎ ለስምንቱም ደረሰ። ዛሬ ጥሬ ቆዳ ዋጋ አጥቶ መንገድ ላይ የሚጣል መሆኑ በጀኝ እንጂ ድሮ ቢሆን የሦስት ቀዳዳ ካሣ ይጠየቅብኝ ነበር። ሥጋው ሲመደብ ደግሞ እኔ የቆራረጥኩት ዳሩ ተፈልፍሎ፣ ተጎልጉሎ፣ ከሌላው መደብ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ዕጣ ሲወጣ እሱው ደረሰኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ስሜ "መምህር" መሆኑ ቀርቶ "አናጢው" ሆነ። እማማ ሰምተዋል። ምንም አላሉም።

አንድ ሌላ ነገርም በዚያ ቀን ገባኝ። ቢላው ደንዞ ነበር። ባለ ጥርስ ቢላ አይደነዝም የሚባለው ውሸት ነው፤ ይደነዛል፣ ግን አይናገርም። ለጥ ያለ ቢላ ሲደነዝ ያን ዕለት ታውቃላችሁ፤ ቲማቲሙ ላይ ይንሸራተታል፤ ሽንኩርቱን ሳይቆርጥ ጨፍልቆ የሚያስለቅሰውን ውኃ ዓይናችሁ ውስጥ ይረጫል። ይከሳችኋል። ባለ ጥርሱ ግን የጥርሶቹ ጫፍ ከዶለዶመ በኋላም መገዝገዙን ይቀጥላል፤ ዳቦው ትንሽ ቢፈረፈር ዳቦው ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከምላጭ ወደ መጋዝ፣ ከመጋዝ ወደ ማበጠሪያ ሲወርድ አላየነውም።

በመጣው ቅዳሜ ኳሱን ተውኩት። ድንጋይ ፈለግሁ፣ ውኃ አርከፈከፍኩ፣ እንደ እማማ ባለቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባለ ጥርሱን ቢላ በድንጋዩ ላይ አስተኝቼ ፈተግሁት። በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል። ላብ አሰመጠኝ። ጎረቤት ሲያልፍ "በርታ" አለኝ። ሳነሣው እውነትም ስል ነበር! የክንዴን ጠጉር ላጨ። ወደ ቤት ይዤው ስገባ ባለቤቴ ተቀብላ ዳቦው ላይ አሳረፈችው። ተንሸራተተ። ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

"ጥርሱስ?"

"ምን ጥርሱ?"

"ጥርሱን የት አደረስከው?"

ጥርሱ ደጃፉ ድንጋይ ላይ በግራጫ ጭቃ መልክ ቀርቷል። ቢላው ድዱን ይዞ ተመልሷል። እዚህም እዚያም የጎድጓዶቹ ምልክት እንደ ሕፃን ድድ ይታያል እንጂ የሚነክስ ነገር የለም። የእህቷ ስጦታ ነው፤ ቤይሩት ስንት ዓመት የሰው ወለል ጠርጋ ያመጣችው ነው። በዚያች ሌሊት የቢላው ጥርስ ረገፈ፣ እኔ ደግሞ ባለቤቴ ጥርስ ውስጥ ገባሁ።

ሮቤ ገበያ ዳር፣ በሥራው ጥርሱን የነቀለ አንድ ቀጥቃጭ አለ። ወናፉን ልጁ ይነፋል፤ እሱ በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ ይቀጠቅጣል። ብረቱ ባሌስትራ ነው፤ የስንቱን አይሱዙ ሸክም ተሸክሞ የተሰበረ ባሌስትራ እሱ ዘንድ መጥቶ ቢላ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድ ይሆናል። ሸክም ሲያጎብጠው መልሶ እንዲቃና ተደርጎ የተሠራ ብረት ነውና ስለት ይይዛል፣ ቶሎም አይሰበርም። ያለዚህ ሰው ማረስም ማጨድም የማንችል ሰዎች በየዘመናቱ በቀጥቃጭ ላይ ያወራነው ወሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። ቢላውን ሰጠሁት።

"ማን ነው ያረገፈው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

አንገቱን ነቀነቀ። ከጎኑ ከተከመረው አንድ ማጭድ አነሣ። "ሐምቱ እያት" አለኝ፤ ለኔ አማርኛ እየተናገረ ዕቃዎቹን በኦሮምኛ ነው የሚጠራቸው። አፏ ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ ጥርሶች አሉ፤ ሁሉም ወደ እጀታው ያዘነበሉ ናቸው፤ ማጭድ ሲሳብ እንጂ ሲገፋ አይሠራማ። ገለበጣት። በሌላው ጎን ጥርስ የለም፤ ልሙጥ ነው። ጥርሱ የሚወጣው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ስትደነዝ የሚነካው ሌላኛው፣ ልሙጡ ወገን ነው። ያን ጊዜ ጎድጓዶቹ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ብረቱ ከጀርባው ሲሳሳ ጥርሱ በራሱ ይሳላል። እኔ የቤይሩቱን በሁለቱም ወገን ነው የፈተግሁት፤ ያውም በጥርሱ በኩል አብዝቼ።

"ስንዴ የሚያንሸራትት ነገር ነው" አለኝ። "አገዳው ለስላሳ ነው። ልሙጥ ስለትን እንደ ምላጭ ካልተሳለ በቀር ይሸሸዋል። ጥርስ ግን ይይዘዋል።"

ይህን ያለው ማጭድ ሊሸጥልኝ ፈልጎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዙሪያችን ባለው በሲናና ሜዳ ማጭድ ይዞ የሚወጣ ሰው እየቀነሰ ነው፤ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግም በመኸርም ስታመርት አብዛኛውን ስንዴ የሚያጭደው በኩንታል ሒሳብ የሚከራየው ኮምባይነር ነው። እሱም ሆኖ ከጥርስ አላመለጠም። ከፊቱ ካለው ረጅም ብረት ላይ በሦስት ማዕዘን የተቆረጡ ምላጮች ተሰድረው ወዲያ ወዲህ ይመላለሳሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ዳራቸው በደቃቅ ጥርስ የተከረከመ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጎማው ተነሥቶ፣ ጎታው ተነሥቶ የሚቀረው የቀጥቃጩ ማጭድ ነው። አንዱን ኦፕሬተር "እነዚህን በምን ትስሏቸዋላችሁ?" ብዬ ብጠይቀው እንደ ጅል አየኝ። አይሳሉም፤ የተበላው ተነቅሎ አዲስ ይታሰራል። ጥርስ ሐኪም ቤት እንደ ማለት ነው።

ቀጥቃጩ ለኔም ተመሳሳይ ሕክምና አደረገልኝ። የመጋዝ ጥርስ የሚያወጣበትን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ አንሥቶ፣ ቢላዬን ጭኑ ላይ በጨርቅ አስተኝቶ፣ በአንድ ወገን ብቻ ጎድጎድ፣ ጎድጎድ አደረገው። እኩል አልሆነም። መሐሉ ላይ ሁለት ጥርስ ተራርቆ ፍንጭት ሆነ። ባለቤቴ ስታየው ሳቀች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ፍንጭት ደግሞ በኛ አገር ውበት ነው። አሁን እሱን የምስለው በብርጭቆ ወረቀት ነው፤ እስክሪብቶ ላይ ጠቅልዬ እያንዳንዷን ጎድጓዳ ሦስት አራት ጊዜ አሻታለሁ፤ ጀርባውን አንድ ጊዜ ብቻ ለጥ አድርጌ አልፋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ እንደ ባሌ መኸርና በልግ።

ለጥ ያለውንስ? እሱን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። በአረፋ ዋዜማ በግቢያቸው አጥር በኩል ሳያቸው፣ ከበጉ ርቀው፣ ከበጉም ጀርባቸውን ሰጥተው ቢላ ይስሉ ነበር። ለምን እንደ ራቁ ስጠይቃቸው "እንስሳው ስለቱን ሊያይ አይገባም፤ ቢላው ደግሞ እንዳያሠቃየው ስል መሆን አለበት። ሁለቱም የታዘዙ ናቸው" አሉኝ። የቅርጫውን ጉድ ሰምተው ኖሮ አከሉበት፦ "እኛ ዘንድ በጥርስና በጥፍር ማረድ አይፈቀድም። ያንተን መጋዝ ከየትኛው እንደምመድበው ግን ገና አልወሰንኩም።"

ድንጋያቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጥቁር፣ ከመሐሉ እንደ ኮርቻ የጎደጎደ። ሐጂ የቢላውን ዘንባላ በዓይናቸው ነው የሚያውቁት፤ እኔ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ በወረቀት አረጋገጥኩት። የደብተር ወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ አንዴ ቢያጥፉት 45፣ ሁለቴ ቢያጥፉት 22 ተኩል። የሐጂ እጅ ከዚያች ሁለተኛ እጥፋት ብዙም አልራቀም። ድንጋዩን ያረጥባሉ፤ ቢላውን በዚያች ዘንባላ አስደግፈው ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ አፉን ወደፊት አድርገው ስስ ነገር እንደሚልጡ ይገፋሉ። አይጫኑም። በየመሐሉ ቆም ይሉና በተቃራኒው ወገን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ የብረቱ ጫፍ ወደዚያ ተጠማዞ ስስ ሻካራ ነገር ሲሆን ያን ጊዜ ይገለብጡታል። ይህን ነገር ነው እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ያላወቅሁት፤ ያ ሻካራ ጫፍ ሳይወጣ የገለበጠ ሰው ገና አልሳለም። በሁለተኛው ወገን ያንኑ ያህል፤ ከዚያ እየቀለሉ፣ እየቀለሉ፤ በመጨረሻ በቀበቷቸው ቆዳ ላይ ወደኋላ ብቻ ጠረግ፣ ጠረግ። ቢላው ፀሐዩ ላይ ሲዞር አፉ አላብለጨለጨም። የሚያብለጨልጭ አፍ ደንዝ ነው፤ ስል አፍ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ይህ ሁሉ የስለት ጣጣ በባሌ የተጀመረው በሐጂ አባት ዘመን እንዳይመስላችሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ሳነቴ አምባ በወጣሁ ጊዜ አንዱ "መምህር፣ ያ ምንድን ነው?" አለኝ። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቅ ያደረገ፣ እስከ 1 ኪሎ የሚመዝን፣ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ፍልፈል ነው። ከፊቱ የወጡት ሁለት ጥርሶች በሕይወቱ ሙሉ ያድጋሉ። የፊት ገጻቸው ጠንካራ ነው፣ የኋላው ለስላሳ፤ አፈር ሲቆፍር ለስላሳው ቀድሞ ይበላል፣ ጠንካራው እንደ መሮ አፍ ስል ሆኖ ይቀራል። ቢላ መሳል የማያስጨንቀው የባሌ ነዋሪ እሱ ብቻ ነው። የሱም ጣጣ ሌላ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ቀድሞ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ፊንጫ ሀበራ በተባለው የድንጋይ ጥላ ሥር፣ ከባሕር ወለል 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ራታቸው የተጠበሰ ፍልፈል ነው። ቢላቸው ባልጩት። ባልጩቱን የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በረዶ ግግር ከሸፈነው ተራራ አጠገብ ወጥተው ነው። ባልጩት በሚገባ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው አፍ ከቀዶ ጥገና ምላጭ ይቀጥናል፤ ጥርስ የለውም፣ ሞረድ አያውቅም፣ ሲሸረፍ ይጣልና ሌላ ይሰነጠቃል። አማታቸው ከታች ፍልፈሉን ይዘው "ቢላው የታለ?" ሲሉ፣ አማችየው በዚያ ብርድ ወደ በረዶው ሲንጠራራ ይታየኛል። ከሱ ጋር ሲተያይ የኔ የቅዳሜ ኳስ ምን አላት?

ቀጥቃጩ ከባሌስትራው አንድ ለጥ ያለ ቢላ ሠርቶልኛል። ጥቁር ነው፣ አያምርም፣ ሳይደርቅ ካደረ ይዝጋል፤ በሐጂ ድንጋይ ላይ አሥር ደቂቃ ካገኘ ግን ቲማቲሙን በራሱ ክብደት ይከፍለዋል። በሚቀጥለው ፋሲካ ጎባ ወስጄው አንድ ሙሉ ጎን ገፈፍኩበት። ቆዳው አልተበሳም። "አናጢው" የሚለው ስም ግን አልተነሣልኝም፤ ስም እንደ ባለ ጥርስ ቢላ ነው፣ አንዴ ከያዘ ይዟል። ዳቦ የፍንጭቱ ነው፤ ሥጋና ሽንኩርት የጥቁሩ። ባለቤቴ ወደ ሥጋው ፍንጭቱን ይዛ ስትሄድ ካየሁ እጮኻለሁ፤ እኔ ወደ ዳቦው ጥቁሩን ይዤ ስሄድ ካየች ትጮኻለች።

ባለፈው ወር እማማ እግረ መንገዳቸውን መጡ። ሳሙን፣ መረቁን፣ ወንበሩን አለፉት። ማዕድ ቤት ስገባ ጥቁሩን ቢላ ወደ መስኮቱ አዙረውት ነበር። አውራ ጣታቸውን በአግድም አሳረፉ። ቆም አሉ። እንደገና አሳረፉ። እሳቸው ቢላ እጅ ለእጅ አያቀብሉም፤ ያጣላል ይላሉ። መክተፊያው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡልኝና ወደ ሳሎን አለፉ።

"ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ" አሉኝ።

ለማንኛውም፣ የሐጂን ድንጋይ ተውሼ እያለሁ ለፋሲካ ብላችሁ ከኔ የወሰዳችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ ማን ከማን እንደ ተቀበለው መከታተል አቅቶኛል። መሐሉ የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ ነው። አረፋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እባካችሁ ለሐጂ መልሱላቸው።